ክረምት ላይ ቤት ውስጥ ለሚያድግ በሶብላ የትኛው አምፖል ይሻላል?

ጥያቄ፦ የሸዋ በሯ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። ዘንድሮ በሶብላና ትንሽ የቲማቲም ችግኝ ቤት ውስጥ ጀመርኩ። የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ። ጦሳ ጉም ከለበሰ ፀሐይ የምትባል ነገር የለችም። ዘሩ ቆንጆ በቀለልኝ። ከዚያ ግን ግንዱ እንደ ክር ቀጥኖ ወደ መስኮቱ ተንጋደደ። ቤት የነበረውን ባለ 100 ዋት ቢጫ አምፖል ከላዩ ሰቀልኩለት፤ ባሰበት። አምፖሉ ሥር ያሉት ቅጠሎች ጠርዛቸው ደረቀ፣ ራቅ ያሉት ደግሞ መርዘማቸውን አልተዉም። ሱቅ ስጠይቅ አንዱ ቆጣቢ ውሰጂ አለኝ፣ ሌላው ኤል ኢ ዲ፣ ሌላው ሐምራዊ የሚያበራ «የተክል አምፖል»። ዋጋቸው አይገናኝም። የቱን ልግዛ? የመብራት ሂሳቡም እንዳይከብደኝ እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ኤሌክትሪሻኑ (ኮምቦልቻ)
አብሽሪ እህቴ፣ ቀላል ነው። መጀመሪያ ያንን ቢጫ አምፖል አውርጂው። ከሚበላው ኃይል 90 በመቶ የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። ቅጠሉን የጠበሰው እሱ ነው። ተራ ነጭ ኤል ኢ ዲ ይበቃሻል።

ስትገዢ ካርቶኑን አገላብጠሽ እዪ። ፊት ለፊት በትልቁ 100 ዋት የሚል አለ። ጥግ ላይ ደግሞ በትንሹ 14 ይላል። ትልቁ ቁጥር የድሮውን ባለ 100 በብርሃን ይተካል ለማለት ነው፤ ቆጣሪሽ የሚቆጥረው ትንሿን ነው። ከዚያ ሉመን የሚለውን፣ ማለት የብርሃኑን መጠን፣ ፈልጊና ለትንሿ ዋት አካፍዪው። 100 ወይም ከዚያ በላይ ከመጣ ጎበዝ አምፖል ነው። ጥምዝምዙ ቆጣቢ 60 አካባቢ ነው፣ ቢጫው 15 መሙላቱም ያጠራጥራል። ሉመን ያልተጻፈበትን አትግዢ።

ሂሳቡም ይኸው። 14 ዋት በቀን 14 ሰዓት ቢበራ በወር 6 ኪሎዋት ሰዓት አይሞላም። ባለ 100ው በዚያው ሰዓት 42 ይበላል።

መልስ፦ ችግኝ አፍይ (ቧንቧ ውሃ)
ወንድማችን ያለው ልክ ነው። ግን ከአምፖሉ ዓይነት በላይ ርቀቱ ነው ወሳኙ። ጣሪያ ላይ ያለ አምፖል ለችግኝ ምንም አይጠቅምም። ርቀቱን እጥፍ ስታደርጊው ቅጠሉ ላይ የሚደርሰው ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል። ፖርታላምፓውን በገመድ አንጠልጥለሽ ከቅጠሉ 15 ወይም 20 ሳንቲሜትር አካባቢ አድርጊው። የእጅሽን ጀርባ ቅጠሉ ላይ አሳርፊና ትንሽ ቆዪ። ሙቀቱ ከተሰማሽ ከፍ አድርጊው። ችግኙ ባደገ ቁጥርም ገመዱን ማሳጠር ነው።

ከለሩን በተመለከተ፣ 6500 ኬልቪን የሚለውን ነጩን ውሰጂ። ከበሶብላ የምንፈልገው ቅጠል ነው፣ ሰማያዊ የሚበዛበት ብርሃን ደግሞ ተክሉን አጠር ጠንከር ያደርገዋል። ጠዋት 12 ሰዓት አብሪው፣ ማታ 2 ሰዓት አጥፊው። ሌሊቱን ሙሉ እንዳትተዪው። በተለይ ቲማቲም 24 ሰዓት ከበራበት ቅጠሉ ይጎዳል።

የሸዋ በሯ፦
አላህ ይስጥልኝ። ሐምራዊውስ? ባለሱቁ ለተክል የተሠራው እሱ ብቻ ነው ብሎኛል።

ችግኝ አፍይ፦
ይሠራል፣ ውሸት አይደለም። ቅጠል ቀይና ሰማያዊውን አብልጦ ስለሚጠቀም ነው እንደዚያ የሚሠሩት። ግን ነጩም ውስጥ ሁለቱም አሉ። እኔ አንድ ክረምት በሐምራዊው አሳድጌ ነበር። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር አላየሁትም፤ በዚያ ብርሃን ሁሉም ነገር ጠቆር ብሎ ነው የሚታየው። ነቅቼ ሳየው ግማሹ አልፎ ነበር። ችግኝ በዓይን ነው የሚጠበቀው። ለዚህ ብቻ ስል ነጩን እመርጣለሁ።

መልስ፦ የሰኞ ገበያዋ እናት
ልጄ፣ በሶብላ ብርድ አይወድም። እህቴ ኮምቦልቻ ደጅ ላይ ትታው ያድግላታል፤ እዚያ ከእኛ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ኤል ኢ ዲ እንደ ቢጫው አያሞቅም፣ ስለዚህ ሙቀቱን ለብቻው አስቢለት። ማታ ማታ ከመስኮቱ አርቂው። ውሃውንም ቀዝቃዛ አታጠጪው፣ ቤት ውስጥ ያደረ ይሁን። የረዘመውን ቲማቲም ደግሞ እንዳትጥዪው! ስታዛውሪው ግንዱን እስከ ቅጠሉ ቅበሪው፣ ከተቀበረው ግንድ ሥር ያወጣል።

ኤሌክትሪሻኑ፦
አንድ ነገር ረስቼ። ዲቫይደሩን መሬት ላይ አታስቀምጪ፣ ውሃ ስታጠጪም ነቅለሽ ይሁን። አምፖሉን ዝግ ሼድ ውስጥ አትክተቺው፣ ሙቀቱ መውጫ ካጣ ዕድሜው ያጥራል። ያ ቆጣቢም ቤት ካለሽና ከተሰበረ በእጅ አትንኪው፣ ውስጡ ሜርኩሪ አለ። መስኮት ከፍተሽ ወጣ በዪ፣ ከዚያ በወፍራም ወረቀት አንሺው።

የሸዋ በሯ፦
ባለ 14 ዋቱን ገዛሁ፣ 1,400 ሉመን ይላል። ሁለት ሳምንት ሆነው። ቲማቲሞቹን እናታችን እንዳሉት ቀበርኳቸው፣ ቀጥ ብለዋል። የረዘመው በሶብላ ግን አልተነሳም፣ እንደገና ዘራሁት። አዲሱ አራት ቅጠል አውጥቷል፣ ቁመቱ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ስነካው ከአሁኑ ይሸታል።