ለዓሣዎቼ ስንት ዋት ማሞቂያ ልግዛ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ፒያሳ፣ ግድግዳው ወፍራም፣ ፀሐይ የማይደርስበት አሮጌ ቤት ውስጥ ነው። ሳሎን 80 በ35 በ40 ሴንቲሜትር የሆነ አኳሪየም አለኝ፤ ውሃው 100 ሊትር ገደማ ነው። 12 ጋፒና 6 ኒዮን ቴትራ ነበሩኝ።

ኅዳር ከገባ ወዲህ ሌሊቱ አልቻል ብሏል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትሩን ሳይ 17 ዲግሪ! ዓሣዎቹ ክንፋቸውን ሰብስበው ጥግ ይዘዋል። ባለ 50 ዋት ማሞቂያ ገዛሁ። 25 ላይ አድርጌው ቀይዋ መብራት ሌሊቱን ሙሉ በርታ ታድራለች፤ ውሃው ግን ከ21 አያልፍም። ብርድ ልብስም አለበስኩት። እናቴ «ጋቢስ አይሻላቸውም?» ብላ ሳቀችብኝ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ኒዮኖች ሞቱ።

ሻጩ «ባለ 200 ውሰድና ተገላገል» ይለኛል። ግን ቴርሞስታቱ (ውሃው ሲሞቅ ማሞቂያውን የሚያጠፋው) ተጣብቆ አልጠፋ ቢልስ? ዓሣዎቼ ሾርባ ሆኑ ማለት ነው። ባለ 75 ሁለት ገዝቼ ግራና ቀኝ ባደርግ፣ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይደርስልኛል ብዬ አስባለሁ። ደግሞ መብራት እዚህ ሰፈር ሄድ መለስ ይላል።

ሞክራችሁ ያያችሁ፣ እንዲህ ላለ ብርዳም ቤት አንድ ባለ 200 ዋት ይሻላል ወይስ ሁለት ባለ 75?