የፀሐይ ፊልተሬን አይጥ በላው፤ ተማሪዎች 4 ሰዓት ላይ ይመጣሉ፣ ድረሱልኝ!

ፊዚክስ ሜዳ (ቅዳሜ ጠዋት 2፡25)
የነቃ ሰው ካለ እባካችሁ! አሁን ዕቃ ቤት ስገባ የቴሌስኮፑን ፊልተር አይጥ በልቶት አገኘሁ። ዳሩን ቢሆን ምን ነበረበት፣ መሃሉን ነው፤ ሁለት ጣት ያስገባል። ሐሙስ ዕለት ፀሐይ ላይ ኤክስ የሚባለው፣ ከሁሉ የበረታው ዓይነት ፍንዳታ ሆነ ሲባል ተማሪዎቼን «ቅዳሜ ኑ፣ አሳያችኋለሁ» ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። ከ50 በላይ ናቸው። በምን ልተካው? ደግሞ ማታ ጓሳ ወጥተን አውሮራ (ከፀሐይ ፍንዳታ በኋላ ሰማይ ላይ የሚታየውን ባለ ቀለም ብርሃን) ለማየት መኪና ለምነናል፤ የስልክ ካሜራ እንዴት ነው የሚስተካከለው? ሚኒሶታ ያለው ወንድሜ አሁን ቀይ ሰማይ አንስቶ ላከልኝ። እኛም ተራራ ላይ ነን። ቶሎ!!

ባልጩት (2፡31)
ራጅ አጥፈሽ ለጥፊበት። በ2012ቱ ግርዶሽ በራጅ ነው ያየነው፤ ይኸው ዓይናችን አለ።

የጓሳ ቀበሮ (2፡33)
አይጡስ? እሱም ያለ ፊልተር ቀና ብሎ እንዳይታወር።

ሰርቬየር ነኝ (2፡36)
ፊልተሩ ከፊት የሚገጠመው ነው ወይስ አይፒሱ (ዓይን የሚጠጋበት ትንሹ ሌንስ) ላይ የሚጠመዘዘው? የሌንሱ ስፋትስ ስንት ነው? ይህን ሳትነግሪን ምን እንበልሽ። አይፒስ ላይ የሚጠመዘዘው ከሆነ አይጡ ባለውለታሽ ነው፤ እሱ በሙቀት ድንገት ይሰነጠቃል።

የራጁን ምክር ደግሞ ማንም እንዳይሞክረው። ባልጩት፣ ያኔ በባዶ ዓይንህ ነው ያየኸው፣ እሱም አደገኛ ነበር። ቴሌስኮፕ ሲጨመርበት የ70 ሚሊሜትር ሌንስ ከዓይን ብሌን ከመቶ እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ትክክለኛው ፊልም ከመቶ ሺህ አንዱን ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ሬቲና ሲቃጠል ስለማያም ልጁ «አመመኝ» አይልሽም። የሚያውቀው ማታ ደብተሩን ሲገልጥ ነው።

ባልጩት (2፡38)
እሺ እሺ፣ አትቆጣ። የብየዳ መስታወትስ?

ሰርቬየር ነኝ (2፡39)
ቁጥር 14 የተጻፈበት ከሆነ ለባዶ ዓይን ብቻ። ከቴሌስኮፕ ጋር አይሆንም።

ጡረተኛው (2፡47)
ልጄ፣ መጀመሪያ ነገሩን ከሥሩ እንየው። እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን 1859፣ እኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት ዘመን፣ ሪቻርድ ካሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ የፀሐይን ጥቁር ነጥቦች እየሳለ ሳለ ሁለት ነጭ ብርሃን ቦግ ሲሉ አየ። ምስክር ሊጠራ ሮጦ ሲመለስ ደብዝዘው ጠበቁት። ነገሩ ሁሉ አምስት ደቂቃ ያህል ነው የቆየው። 17 ሰዓት ተኩል ገደማ አልፎ ከፀሐይ የተነሣው የመግነጢስ ማዕበል ምድርን መታ። የቴሌግራፍ ሽቦ የእሳት ፍንጣሪ ተፋ፣ አሜሪካ ውስጥ ባትሪ ነቅለው በሰማዩ ኤሌክትሪክ ብቻ መልእክት የተለዋወጡ ሠራተኞች ነበሩ፣ አውሮራውም ኩባ ድረስ ታየ። እ.ኤ.አ. በ1989ም የካናዳዋ ኩቤክ መብራት ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ጠፍቶባታል። ሰውየው ግን ፀሐይን በሌንሱ ውስጥ አላያትም። ምስሏን ቀለም በተቀባ መስታወት ላይ ጥሎ ነበር የሚስላት። በእኛ ጊዜ ይህ ሁሉ በትምህርት ቤት…

የጓሳ ቀበሮ (2፡49)
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን፣ ግን ልጅቷ የቀራት አንድ ሰዓት ከሩብ ነው!

አፌ አያርፍም (2፡52)
ጋሼ እኮ መልሱን ተናግረዋል፣ አላነበባችሁም። የፀሐይን ምስል በቴሌስኮፑ ወረቀት ላይ ጣይው!

እኔ ግን የምከራከረው ከጥያቄው ጋር ነው። የሐሙሱ ፍንዳታ ሐሙስ አልቋል፤ ከደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓታት ነው ዕድሜው። ፊልተሩ ደህና ቢሆንም የምታሳያቸው ፍንዳታውን ሳይሆን የፈነዳበትን ነጥብ ነው። ፍንዳታ ለማየት የሃይድሮጅንን ቀይ ብርሃን ብቻ የሚያሳልፍ ሌላ ቴሌስኮፕ ያስፈልጋል፤ ካሪንግተን በነጭ ብርሃን ማየቱ ብርቅ አጋጣሚ ነው። አውሮራውን ደግሞ እርሺው። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባላል እንጂ በጥቅምት አውሮራ ያለ የለም።

ባልጩት (2፡54)
ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ከታየው የሰማይ ብርሃን አይደለም እንዴ? እሱ አውሮራ ሊሆን አይችልም?

ጡረተኛው (2፡57)
እ.ኤ.አ. በ1456 የታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ሳይሆን አይቀርም ያሉ ጸሐፊዎች አሉ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ግን ተአምር ነው ብለው ነው። እኔ በሁለቱ መሃል አልገባም።

ፊዚክስ ሜዳ (3፡02)
ሌንሱ 70 ነው፣ ፊልተሩ የፊት ነው። ወረቀት ላይ ስጥለው አይፒሱ ፕላስቲክ ስለሆነ መሽተት ጀመረ፣ ፈርቼ አነሳሁት። አሁን ምን ላድርግ??

ብረት አቅላጭ (3፡06)
ደግ አደረግሽ፣ ተይው። የሌንሱ ክዳን ላይ ትንሽ ክዳን ካለ እሷን ብቻ ከፍቶ መሥራት ይቻል ነበር፣ ግን 50 ልጅ እየተጋፋ አንዱ ዓይኑን ቢያስጠጋስ? ቴሌስኮፑን ቆልፊበት። ይልቅ ፊት መስታወት ፈልጊ። በወረቀት ሸፍኚውና በእርሳስ ውፍረት ልክ አንድ ቀዳዳ ብቻ ተዪለት። ደጅ በርጩማ ላይ አድርገሽ ብርሃኑን በመስኮት ወደ ጨለማ ክፍል መልሺው። ግድግዳው ከመስታወቱ 10 ሜትር ከራቀ 9 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያላት ፀሐይ ትወጣልሻለች። የሚታየው ትልልቁ ነጥብ ብቻ ነው፣ እሱም ደብዘዝ ብሎ፤ ግን 50ውም ባንድ ጊዜ ያያል፣ ዓይኑ የሚጠፋም የለም። ልጆቹ መስታወቱን እንዳያዩ ብቻ ሰው አቁሚበት።

ሽቅብ (3፡08)
ወረቀት ላይ ጣይው፣ ቀላል ነው።

የጓሳ ቀበሮ (3፡08)
ሽቅብ፣ ከላይ አንብብ እንጂ ወንድሜ።

ፊዚክስ ሜዳ (3፡15)
መስታወት ከፀጉር ቤት ለመንኩ። መጋረጃ ግን የለንም። ጣሪያውም ቆርቆሮው ሁሉ የሚስማር ቀዳዳ ነው፣ ክፍሉ አይጨልምልኝም።

ብረት አቅላጭ (3፡18)
መስኮቱ ላይ ባና ስቀይ፤ መንዝ ውስጥ ሆነሽ ባና አጣሁ አትበይኝ። ቆርቆሮው ቀዳዳ ከሆነማ ትምህርቱ ተጀምሯል! ወለሉ ላይ የሚያርፉትን ክብ ብርሃኖች ተመልከቺ። ቀዳዳው ሦስት ማዕዘን ቢሆን እንኳ ክብ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የፀሐይ ምስል ናቸው። ጣሪያው 3 ሜትር ከፍታ ካለው ምስሉ 3 ሴንቲሜትር አይሞላም። ነጭ ወረቀት ዘርግተሽ በማስመሪያ ያስለኩት።

ስደተኛው (3፡24)
ወንድምሽ ካለበት ብዙ አልርቅም፣ ከሚኒያፖሊስ ነኝ፤ እዚህ እኩለ ሌሊት አልፏል፣ አሁን ከደጅ ገባሁ። ስለ አውሮራው ልንገርሽ። በዚህ ኬክሮስ ብዙ ጊዜ የምናየው የሰሜኑን ሰዎች ዓይነት መጋረጃ አይደለም። ወደ ሰሜን አድማስ ዝቅ ብሎ፣ ሩቅ ከተማ የተቃጠለ የሚመስል ቅላት ነው። ቀዩ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ኦክስጅን ስለሆነ ከሩቅ ይታያል፤ አረንጓዴው 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ አውሮራው ሩቅ ሲሆን ከአድማስ በታች ይቀርብናል። በዓይን ግራጫ ደመና መስሎኝ ልገባ ስል ስልኬ በ3 ሰከንድ ቀይ አደረገው። ብዙ ሌሊት ኬፒ (የማዕበሉ ጥንካሬ መለኪያ፣ ከ0 እስከ 9) 7 ነው ተብሎ ወጥቼ በረዶ ሆኜ ተመልሻለሁ። ቁጥሩ ብቻውን ምንም ነው፤ የፀሐይ ነፋሱ መግነጢስ፣ ቢ ዜድ የሚሉት፣ ወደ ደቡብ ካልዞረ በሩ አይከፈትም። ያንን የምትለካው ሳተላይት ደግሞ 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ላይ ስለሆነች የምትሰጠን ጊዜ ቢበዛ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ከጓሳ ግን አይታይም እህቴ። ተራራው ምንም ቢረዝም ከፍታው አይደለም ቁም ነገሩ።

ሰርቬየር ነኝ (3፡31)
ልክ ነው። የመግነጢስ ወገብ ኢትዮጵያን አቋርጦ ነው የሚያልፈው፤ አውሮራ ደግሞ የመግነጢስ ዋልታዎቹን ነው የሚከብበው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024ቱ ማዕበል፣ ኬፒ 9 ደርሶ፣ ከሜክሲኮና ከናሚቢያ ፎቶ ተነስቷል፤ እኛ ግን ከሁለቱም ይልቅ ለዚያ ወገብ እንቀርባለን። እኛ ጋ ማዕበሉ የሚታየው በሰማይ ሳይሆን በዕቃ ነው። ሐሙስ ከቀትር በኋላ አርቲኬዬ (በሳተላይት ቦታ የሚለካው መሣሪያዬ) ትክክለኛ ቦታ አልይዝ ብሎኝ የመሬት ልኬቱን ትቼ ገባሁ።

አፌ አያርፍም (3፡33)
ባትሪህ ይሆናል። ፀሐይን በከንቱ አትክሰስ።

ጡረተኛው (3፡36)
ሰርቬየሩ እውነቱን ነው። በአጭር ሞገድ ዘመን ሬዲዮው በጠራራ ቀን ድንገት ጭጭ ሲል እናቴ ጭንቅላቱን ትደበድበው ነበር። ለካ ፀሐይ ነበረች።

የጓሳ ቀበሮ (3፡40)
መኪናው ከተገኘ ግን ጓሳ መቅረት የለበትም። ጨረቃ ከሌለች ኮከቡ ብቻውን ይበቃል፤ ባና ደርቡ። አውሮራ ካማራችሁ ሁለት መለኪያ የደብረ ብርሃን አረቄ ይዛችሁ ውጡ፣ ቀዩም አረንጓዴውም ይታያችኋል።

ብረት አቅላጭ (7፡10)
ፊዚክስ ሜዳ፣ ምን ሆነልሽ? ነጥቡ ታየ?

ሽቅብ (እሁድ 1፡20)
ወረቀት ላይ ብትጥለው ይታያት ነበር።

ባልጩት (እሁድ 1፡44)
መኪናው ተገኝቶላቸው ጓሳ ሄደው ይሆናላ። እዚያ ኔትወርክ የት አለ።

ቆንጆ ሰማይ (ማክሰኞ 2፡05)
ሰላም ለሁላችሁ። እኔም የፀሐይ ፊልተሬን አምፖል ላይ ብይዘው መሃሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ብርሃን አየሁ። በጥቁር ማርከር ብደፍናት ይሆናል? ነገ ጠዋት እፈልገዋለሁ።