ለ2 ኢንች በረዶ ከተማ ይዘጋል ወይ? (ክርክር)

አወያይ፦
የቡድናችን የሳምንቱ መከራከሪያ ይኸው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በሰሜን ቨርጂኒያ ገና የበረዶ ትንበያ ሲሰማ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ይዘጋል፣ «ከቤት አትውጡ» ይባላል። አንዳንዱ «ለ2 ኢንች ይሄ ሁሉ ግርግር!» ይላል፤ ሌላው «እንኳን ዘጉት» ይላል። ቀድሞ መዝጋት ልክ ነው ወይስ ከልክ ያለፈ ፍርሃት? ደንባችን ያው ነው፤ ስድብ የለም፣ «እኔ አንድ ጊዜ…» ብሎ ወግ መጀመር የለም። ቁጥርና ምክንያት ይዛችሁ ግቡ።

ሄኖክ ታክሲ፦
ከልክ ያለፈ ነው። ማርች 6, 2013ን አስታውሱ። ለዲሲ ብዙ ኢንች በረዶ ተተንብዮ የፌዴራል መሥሪያ ቤቱም ትምህርት ቤቱም ተዘጋ። በሬገን ኤርፖርት የተለካው 0.2 ኢንች ነው። አብዛኛው ዝናብ ሆኖ ወረደ፣ አለቀ። የቢሮው ሠራተኛ ደመወዙ አልተነካም። በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት መኪና የሚያቆመው፣ ካፌው ውስጥ ሳንድዊች የሚሠራው፣ ማታ ቢሮ የሚያጸዳው የኮንትራክተር ሠራተኛ ግን የሚከፈለው በሰዓት ነው። ሕንፃው ሲዘጋ ሰዓቱም የለም። ከእነዚህ ውስጥ ስንቱ የእኛ ሰው እንደሆነ እዚህ ቡድን ውስጥ መናገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ሲስተር ማርታ፦
ሄኖክ ወንድሜ፣ 2013ን ካነሳህ 2011ን አትዝለል። ጃንዋሪ 26, 2011 የፌዴራል ሠራተኛው ከመውጫው 2 ሰዓት ቀድሞ እንዲሄድ ተፈቀደለት። ያ ፈቃድ ሰዉን ሁሉ በአንድ ጊዜ መንገድ ላይ ያፈሰሰው ልክ ዝናቡ ወደ በረዶ ሲለወጥ ነበር። መኪናው ቆመ፤ መኪናው ስለቆመ ፕላውም (በረዶ ጠራጊው መኪና) ጨው በታኙም ማለፊያ አጣ፤ እነሱ ስላላለፉ መኪናው ይብሱን ተቸነከረ። በጆርጅ ዋሽንግተን ፓርክዌይ ላይ መኪናቸውን ጥለው በእግራቸው የሄዱ አሉ፤ ቤት ለመግባት 8 ሰዓትና ከዚያ በላይ የፈጀባቸውም ብዙ ናቸው። በሬገን ኤርፖርት በጠቅላላ የተለካው 5 ኢንች ብቻ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው እንጂ ከተቃጠለ በኋላ «ቀደም ብላችሁ ውጡ» ማለት ከመዝጋትም ካለመዝጋትም የባሰ ነው።

የሚኒሶታው፦
ይቅር በሉኝና እኛ ጋ 5 ኢንች ወሬም አይሆንም 😄 በ1991 በሃሎዊን ሰሞን ሚኒያፖሊስ ላይ 28.4 ኢንች፣ ዱሉዝ ላይ 36.9 ኢንች ወርዷል። ልዩነቱ ሥርዓት መኖሩ ነው። ሚኒያፖሊስ «ስኖው ኢመርጀንሲ» (የበረዶ አስቸኳይ ጊዜ) ስታውጅ በመጀመሪያው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በተመረጡት ዋና መንገዶች በሁለቱም ጎን መኪና ማቆም ክልክል ነው። በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት በቀሩት መንገዶች ሙሉ ቁጥር ቤቶች ባሉበት ጎን፣ በ3ኛው ቀን ደግሞ በጎዶሎው ጎን አይቆምም። ፕላው አንዱን ጎን ጠርጎ ወደ ሌላው ይዞራል። ሳታነሳ የቀረህ እንደሆነ መኪናህን ይጎትቱታል። ከተማው ሥራውን ይቀጥላል።

አስፋልቱ፦
የሚኒሶታው ወንድማችን ስለ ሥርዓቱ ያለው ልክ ነው፤ ንጽጽሩ ግን አይገጥምም። በመንገድ ጥገና ቁጥሩ በኢንች ብቻ አይነበብም፤ ዋናው የአስፋልቱ ሙቀትና ከበረዶው በፊት ምን ወረደ የሚለው ነው።

ሚኒሶታ ላይ በጥር አጋማሽ ብዙ ጊዜ ከዜሮ በታች 10 ወይም 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ያ በረዶ ደረቅና ቀላል ነው፤ ፕላው ሲገፋው ይሄዳል፣ ጎማም በመጠኑ ይይዘዋል። የዲሲ በረዶ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ በዜሮ ዙሪያ ነው። ቀን ይቀልጣል፣ ማታ ይረጋል። በላዩ ስስ ውሃ ያለበት በረዶ ደግሞ ከሁሉም በላይ ያንሸራትታል። ስለዚህ 2 ኢንች ዲሲ ላይና 2 ኢንች ሚኒያፖሊስ ላይ አንድ ነገር አይደሉም።

አሁን ጨው። በ-1 ዲግሪ 1 ኪሎ ጨው ወደ 46 ኪሎ በረዶ ያቀልጣል። በ-7 ዲግሪ ያው 1 ኪሎ ከ9 ኪሎ በታች ነው የሚያቀልጠው። ከ-9 በታች ተራው ጨው ሥራው በጣም ስለሚንቀራፈፍ ማግኒዥየም ክሎራይድ ወይም ካልሲየም ክሎራይድ ይጨመራል፤ አለዚያ አሸዋ ይበተናል። አሸዋ ጎማ እንዳይንሸራተት መያዣ ነው እንጂ አያቀልጥም።

ቀድሞ የሚረጨው የጨው ውሃ (ብራይን) ውስጥ ጨው 23.3 በመቶ ነው። በዚህ መጠን የመርጊያ ነጥቡ እስከ -21 ዲግሪ ይወርዳል፤ ከዚህ ቢያንስም ቢበዛም ቶሎ ይረጋል። ጥቅሙ በረዶው ከአስፋልቱ ጋር እንዳይጣበቅ ማድረጉ ነው። አንዴ ከተጣበቀ ፕላው ላዩን ይልጠዋል እንጂ ሥሩን አያነሳውም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ በረዶው በዝናብ ከጀመረ ብራይኑ ታጥቦ ይሄዳል። ጃንዋሪ 3, 2022 በሀይዌይ 95 ላይ በፍሬድሪክስበርግ አካባቢ የሆነው ይኸው ነው። መጀመሪያ ዝናብ ስለነበረ የቨርጂኒያ መንገድ መሥሪያ ቤት ቀድሞ አልረጨም። ከዚያ በረዶው በሰዓት 2 ኢንች ድረስ ወረደ፤ ይህ ፕላው ተመልሶ እስኪመጣ ከሚጠርገው በላይ ነው። ትልልቅ ተሳቢዎች ተጠማዘው መንገዱን ዘጉ፤ ከ40 ማይል በላይ መንገድ ተዘግቶ መኪኖች ከ24 ሰዓት በላይ ቆሙ። ሴናተር ቲም ኬን ራሳቸው 27 ሰዓት እዚያ ቆይተዋል። በዚያ ቀን ብራይን አለመረጨቱ በሙያው ያስኬዳል። የማያስኬደው ብራይን እንደማይሠራ እያወቁ መንገዱን ክፍት መተዉ ነው።

ሄኖክ ታክሲ፦
አስፋልቱ፣ አመሰግናለሁ፤ ግን የተናገርከው ለእኔ ነው የሚመሰክረው። ጃንዋሪ 20, 2016 ዲሲ ላይ የወረደው 1 ኢንች ያህል ነው። ዝናብም አልቀደመውም፤ ብርድ ነበር። በሰዓቱ ጨው ስላልተበተነ ነው መንገዱ ሁሉ መስታወት የሆነው፤ ከንቲባዋም ይቅርታ ጠይቀዋል። ጨው የሚበትነው መኪና ከሰዓት በኋላ ወጥቶ ቢሆን ማንም መዝጋት አያስፈልገውም ነበር። መዝጋት የዝግጅት ማነስ መሸፈኛ ሆኗል።

የቶሮንቶው፦
እኛም ከሐሜት አናመልጥም። በጃንዋሪ 1999 ከንቲባው ሜል ላስትማን በረዶ ለመጥረግ ወታደር ጠሩ፤ የተቀረው ካናዳ እስከ ዛሬ ይስቅብናል። ከዚያ በፊት ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ1 ሜትር በላይ ወርዶ ነበር። ሳቁ ይቀጥል፤ አምቡላንስ ግን አለፈ።

ሲስተር ማርታ፦
ይኸው ቁም ነገሩ። ሆስፒታል አይዘጋም። ዳያሊስስ (የኩላሊት እጥበት) በሳምንት 3 ቀን ነው፤ «በረዶ ስለሆነ ነገ ና» አይባልም። አዛውንት ቤት የምታገለግል ሆም ኬር ሠራተኛ ተተኪዋ ካልደረሰች በሽተኛዋን ጥላ አትወጣም፤ 8 ሰዓቱ 16 ይሆናል። መንገዱ ላይ ቢሮ የሚሄደው ሁሉ ከወጣ የምትቸገረው እሷ ናት። ከተማ የሚዘጋው ለፈራ ሰው ተብሎ አይደለም፤ መውጣት ግድ ለሆነበት መንገድ ለመልቀቅ ነው። ደግሞ ሁሉም መኪና የለውም። ሜትሮ (የከተማው ባቡር) በረዶው 8 ኢንች አካባቢ ሲደርስ ከመሬት በላይ ያሉትን መስመሮች ሊያቆም ይችላል፤ ኃይል የሚሰጠው ሦስተኛው ሐዲድ በረዶ ይሸፍነዋል። ሄኖክ ካነሳው 1 ኢንች ቀጥሎ በዚያው ጃንዋሪ 2016 በመጣው ትልቅ በረዶ ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ነበር።

የሚኒሶታው፦
በመንገድ የምትወጡ ከሆነ ግን ጎማውን ተነጋገሩበት። ዲሲ ላይ የአብዛኛው መኪና ጎማ «ኦል ሲዝን» (ለሁሉም ወቅት የሚባለው) ነው። ከ7 ዲግሪ በታች ጎማው እየደረቀ ይሄዳል፤ የክረምት ጎማ ለስላሳ ሆኖ የሚቆየው ላስቲኩ ሌላ ስለሆነ ነው። «ፎር ዊል አለኝ» የሚለው ሰው ያስፈራኛል። አራቱም ጎማ መንዳቱ ለመነሳት ነው የሚረዳው፤ ለማቆም አንድ ሴንቲ ሜትር አያሳጥርልህም።

ሒሳቡ ይኸው፦ በሰዓት 48 ኪሎ ሜትር (30 ማይል) ስትሄድ ፍሬን ከረገጥክ በኋላ በደረቅ አስፋልት ወደ 13 ሜትር፣ በተጠቀጠቀ በረዶ ወደ 46 ሜትር፣ በንጹህ አይስ (በረጋ ውሃ) ላይ ወደ 90 ሜትር ትንሸራተታለህ። ይህ የማሰቢያ ጊዜህን አይጨምርም። ኤቢኤስ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ መሣሪያ) ያለው ፍሬን በኃይል ተረግጦ ይያዛል፤ ሲንቀጠቀጥ እግርህን አታንሳ። ድልድይ ከስሩም ከላዩም ብርድ ስለሚያገኘው ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይረጋል፤ እዚያ ላይ ፍሬን አትንካ፣ ከመድረስህ በፊት ፍጥነት ቀንስ።

ፀሐይ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሁላችሁም ስለ መኪና ነው የምታወሩት። እግረኛስ? ከተማው ሲዘጋ አስፋልቱ ይጠረጋል፤ ፕላው የገፋው ሁሉ ግን የአውቶቡስ መቆሚያው ላይና መሻገሪያው ጥግ ላይ ነው የሚከመረው። አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው መንገድ ላይ ይቆማል።

ሕጉም እንደየሰፈሩ ነው። ዲሲ ላይ በረዶው ካቆመ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 8 የብርሃን ሰዓታት ውስጥ ከቤትህ ፊት ያለውን የእግረኛ መንገድ መጥረግ አለብህ፤ ቅጣቱ ለነዋሪ 25 ዶላር፣ ለንግድ ቤት 150 ዶላር ነው፣ ዕድሜው 65 የሞላና አካል ጉዳተኛ ግን አይቀጣም። ሞንትጎመሪ ካውንቲ 24 ሰዓት ይሰጣል። አርሊንግተን ከ6 ኢንች በታች ከሆነ 24፣ ከዚያ በላይ 36 ሰዓት። ፌርፋክስ ካውንቲ ጭራሹን አያስገድድም።

መጥረግ ቀላል የሚመስላችሁ ደግሞ አስሉት። የዚህ አገር እርጥብ በረዶ ብዙ ጊዜ 10 ኢንቹ ሲቀልጥ 1 ኢንች ውሃ ነው፤ በካሬ ሜትር 25 ኪሎ ማለት ነው። 12 ሜትር ርዝመት፣ 1.5 ሜትር ስፋት ያለው የእግረኛ መንገድ 450 ኪሎ ይመጣል። ብርዱ የደም ሥር ያጠብባል፣ በክንድ ማንሳት የደም ግፊት ይጨምራል፤ የልብ ሕመም ያለበት አዛውንት አካፋ ይዞ የሚወድቀው ለዚህ ነው። አታንሱት፣ ግፉት። 10 ኢንች እስኪሞላ ሳትጠብቁ በየ3 ኢንቹ ውጡ። አካፋውንም ግማሹን ብቻ ሙሉት።

የሚኒሶታው፦
ጨዉንም በባልዲ አትድፉት። 1 መካከለኛ የቡና ኩባያ ጨው (ወደ 3.5 ዴሲ ሊትር) ለ6 ሜትር የመኪና መግቢያ ይበቃል። መጀመሪያ ጥረጉ፣ ከዚያ በትኑ፤ በበረዶ ላይ የተደፋ ጨው ሲጠረግ አብሮ ይሄዳል። 1 የሻይ ማንኪያ ጨው 5 ጋሎን ውሃ ለዘለቄታው ይበክላል፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ከሐይቅና ከወንዝ በቀላሉ አይወጣም። የእኛ ሐይቆች ምስክር ናቸው።

ሄኖክ ታክሲ፦
እትዬ ፀሐይ የተናገሩት ልክ ነው፤ ስለ እግረኛው ማንም አያስብም። ግን ወደ ጥያቄው ልመለስ፤ መዝጊያው መለኪያ ምን ይሁን? «2 ኢንች» ከሆነ አልስማማም።

አስፋልቱ፦
ኢንቹን ተወው። እኔ የምዘጋው ሦስት ነገር ሲገጣጠም ነው፦ ዝናብ ወደ በረዶ የሚለወጥ ከሆነ፣ የአስፋልቱ ሙቀት ከዜሮ በታች እየወረደ ከሆነ፣ ለውጡ የሚመጣው ሰዉ ከሥራ በሚወጣበት ሰዓት ከሆነ። ሦስቱ ካሉ 1 ኢንችም ቢሆን ከጠዋቱ ይዘጋ፤ ከሰዓት በኋላ «ቀድማችሁ ውጡ» አይባል። በረዶው ሌሊት በደረቅ ብርድ የሚወርድ ከሆነና ብራይን ከተረጨ ግን 4 ኢንችም ቢሆን የሥራና የትምህርት መግቢያውን በ2 ሰዓት ማዘግየት ይበቃል።

ለሚወጣው ሰውም፦ መኪና ውስጥ ከተቆለፋችሁ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ማርሚታው አፍ ላይ ያለውን በረዶ ጥረጉ። ካልተጠረገ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሽታ የለውም። በሰዓት 10 ደቂቃ ያህል ብቻ አስነሱ፣ ነፋስ በማይመታው በኩል ያለውን መስኮት ትንሽ ክፈቱ። ቤት ያላችሁም በግድግዳ የሚወጣውን የማሞቂያ ቱቦ እዩት፤ በረዶ ሲከመርበት አንዳንዱ ማሞቂያ ራሱ ይጠፋል፣ አንዳንዱ ጭሱን ወደ ቤት ይመልሳል።

ሲስተር ማርታ፦
በዚህ መለኪያ እስማማለሁ። አንድ ልጨምር፦ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቁርስና ምሳ ከዚያ የሚያገኘው ልጅ አለ። ምግቡ ከዋዜማው ተዘጋጅቶ እንዲወሰድ ካልተደረገ መዝጋቱ ጎዶሎ ነው።

ሄኖክ ታክሲ፦
ከጠዋቱ መዝጋቱንም ልቀበል። ታዲያ የኮንትራክተሩ ሠራተኛስ? መሥሪያ ቤቱ ለራሱ ሠራተኛ «የአየር ጠባይ ፈቃድ» አለው፤ ከቤት መሥራት የሚችለውም ከቤቱ ይሠራል። መኪና የሚያቆመው ሰው መኪናውን ከቤቱ አያቆምም። ሕንፃው በበረዶ ሲዘጋ ቢያንስ ለ4 ሰዓት ይከፈለው የሚል ቃል ኮንትራቱ ላይ ይግባ፤ ያኔ እኔም «ዝጉ» ባይ ነኝ።

አስፋልቱ፦
4 ሰዓት ለምን? ፈረቃው 8 ነው።