ወላጆቼን በገና ሰሞን ፖቶማክ ወንዝ ላይ የእራት ክሩዝ ልውሰዳቸው አስቤያለሁ፤ የሄዳችሁበት ምን ትላላችሁ?

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ

ሰላም ወገኖች። እናትና አባቴ ከአዲስ አበባ መጥተው እኔ ጋ ናቸው፤ እስከ ጥምቀት ይቆያሉ። ዲሴምበር 25 ሥራ የለኝም። ቤት ተቀምጠን ቲቪ ከምናይ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ዋርፍ ከሚባለው የወንዝ ዳር ሰፈር ከሚነሱት መርከቦች በአንዱ ማታ ላይ እራት እየበላን፣ መብራቱን እያየን፣ ወንዙ ላይ ብንንሸራሸር ደስ ይላቸዋል ብዬ አሰብኩ። ግን ቲኬት ከመቁረጤ በፊት የሚያሳስቡኝ ነገሮች አሉ።

ሁለቱም ይጾማሉ። እነሱ ገናን የሚያከብሩት ጃንዋሪ 7 ነው፣ የፈረንጆቹ ገና ደግሞ መሀል ጾም ላይ ነው የሚውለው። መርከቡ ላይ የጾም ምግብ ይኖራል? ደግሞ እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ውሃም ትፈራለች። በሕይወቷ ጀልባ ላይ የወጣችው ባሕር ዳር ጣና ላይ ብቻ ነው፤ ያኔም ገዳሙ እስክንደርስ ዓይኗን ጨፍና ስትጸልይ ነበር። አባዬ በበኩሉ ታሪክ ይወዳል፣ ሁሉን ነገር ካልጠየቀ አይሆንለትም።

ዋጋውም ቀላል አይደለም። ለሦስት ሰው ሳሰላው ደነገጥኩ። ለእነሱ ከሆነ አልሳሳም፣ ግን ገንዘቤን አውጥቼ እነሱ ተሳቀው ሳይበሉ ቢመለሱ ያሳዝነኛል። የምታውቁ ንገሩኝ።

የቀድሞ አስተናጋጅ

እህቴ፣ እኔ እንደዚህ ዓይነት መርከብ ላይ በአስተናጋጅነት ሠርቻለሁ፣ ስለዚህ ከውስጥ የማውቀውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ስለ ምግቡ። የጾም ምግብ ይገኛል፣ ግን ቲኬቱን ስትቆርጪ አስቀድመሽ ማሳወቅ አለብሽ። እዚያ ሄደሽ ከጠየቅሽ ኩሽናው ያለውን አገላብጦ ሰላጣና የተቀቀለ አትክልት ነው የሚሰጥሽ። ወጥ ቤቱ ጠባብ ነው፣ አብዛኛው ነገር መርከቧ ሳትነሳ ተዘጋጅቶ ያለቀ ነው። ስታሳውቂም ቬጀቴሪያን ብለሽ እንዳትተዪው፤ ቬጀቴሪያን ካልሽ ቺዝና ክሬም ያለበት ፓስታ ይመጣል። ቪጋን በይ። ከዚያ ደግሞ ዋናውን ምግብ ብቻ አትመልከቺ። ዳቦው በቅቤ ተቀብቶ ሊመጣ ይችላል፣ ሾርባው ክሬም ሊኖረው ይችላል፣ የመጨረሻው ጣፋጭ ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ወተትና እንቁላል አለበት። ለጣፋጩ ፍራፍሬ እንዲቀይሩላቸው አብረሽ ንገሪያቸው። ዓሣ በጾም የሚበላም የማይበላም ስላለ እሱን እነሱን ጠይቂ፤ የሚበሉ ቢሆንም መረቁ ብዙ ጊዜ በቅቤ ነው የሚሠራው።

ስለ ፍርሃቷ አታስቢ። ይሄ የጣና ጀልባ አይደለም። መርከቧ ትልቅ ናት፣ ወንዙም እዚህ ጋ ሰፊና ረጋ ያለ ነው። ዋርፍ ያለው ዋናው ወንዝ ላይ ሳይሆን ዋሽንግተን ቻናል የሚባለው ጎን ላይ ነው፣ እሱ ደግሞ ከነፋስ የተከለለ ነው። ስንነሳ ሳያውቁ ወሬያቸውን የሚቀጥሉ፣ ከዚያ በመስኮት ሲያዩ ከተማው የሚሄድ የሚመስላቸው እንግዶች ብዙ ነበሩ። መሀል ላይ፣ ከመስኮት ትንሽ ራቅ ያለ ጠረጴዛ ከሰጧት ጭራሽ አይታወቃትም።

የጉልበቷ ነገር ግን በደንብ ይታሰብበት። ፖቶማክ ከተማው ድረስ ከባሕሩ ጋር አብሮ ይወጣል ይወርዳል፣ ልዩነቱ አንድ ሜትር ገደማ ነው። ውሃው ሲወርድ መሳፈሪያው መወጣጫ ቁልቁል ይሆናል። በእጅሽ ደግፈሻት ቀስ ብትሉ ምንም አይደለም፣ ግን ሰልፉ እየገፋችሁ እንዳይሆን ወይ ቀድማችሁ ድረሱ ወይ እርዳታ እንደምትፈልግ ንገሪያቸው፣ ያስቀድሟችኋል። ጠረጴዛችሁም በምትገቡበት ፎቅ ላይ ይሁን። መጸዳጃ ቤቱ በየትኛው ፎቅ እንደሆነ ጠይቂ። ይሄን የሚጠይቅ ሰው የለም፣ በኋላ ግን ብዙ እናቶች በደረጃው ሲቸገሩ አይቻለሁ።

ሌላው ሙዚቃው ነው። በበዓል ሰሞን ዲጄ አለ፣ የመሥሪያ ቤት ፓርቲ የሚያደርጉ ቡድኖችም ይመጣሉ። ከስፒከሩ የራቀ ቦታ ስጡኝ በይ። ሰዓት አክብሩ፣ መርከብ እንደ ሬስቶራንት አይጠብቅም።

አርሊንግተን ነኝ

እኔ ደግሞ አትሂዱ ባይ ነኝ፣ ቅር አይበልሽ። በዚያ ሰሞን ለአንድ ሰው ብዙውን ጊዜ ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ በዓሉ ዕለት ደግሞ ይጨምራል። እሱ ላይ ታክስ አለ፣ የአገልግሎት ክፍያ አለ፣ መጠጥ ለብቻው ነው፣ ፓርኪንግ አለ። ምግቡ የሠርግ አዳራሽ ምግብ ነው፣ መጥፎ አይደለም ግን ለዚያ ዋጋ የሚሆን አይደለም። ወላጆችሽ ደግሞ ዋጋውን ካወቁ ምግቡ አይወርድላቸውም፣ የእኛን ሰው ታውቂያለሽ። ዋርፍ ሄዳችሁ የገና ዛፉን እዩ፣ ውሃው ዳር በእግር ተንሸራሸሩ፣ በነፃ ነው። ከዚያ ሲልቨር ስፕሪንግ ተመልሳችሁ ጥሩ በያይነቱ ብሉ። እነሱ የሚፈልጉት ካንቺ ጋር መዋልን ነው።

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አርሊንግተን፣ ያልከው እውነት አለው፣ ዋጋውን አልነግራቸውም። ግን አባዬ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ከቤት ብዙ አይወጣም፣ እማዬም ሁሌ ቤተ ክርስቲያንና ቤት ናት። አንድ ምሽት ሰው አገልግሏቸው፣ ለብሰው ተቀምጠው እንዲያዩ ነው የፈለግኩት። እማዬ ለልጆቿ ስታበስል ነው የኖረችው። ምናልባት የቀን ክሩዝ ብወስዳቸውስ? ረከስ ይላል፣ ምሳ ነው።

ዘጎንደር

እህት፣ የቀኑን ተዪው። ምክንያቱም ጾሙ ላይ ከሆነ ችግሩ ምግቡ ብቻ አይደለም፣ ሰዓቱም ነው። አጥብቀው የሚጾሙ ከሆነ እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምሱም። ሰው ሁሉ ሲበላ እነሱ ውሃ እንኳን ሳይጠጡ ሊቀመጡ ነው። እራት ከሆነ ግን ሰዓቱ አልፏል፣ ምግቡ ጾም ከሆነ ይበላሉ።

የኔ ሐሳብ ግን ለምን ዲሴምበር 25 ይሆናል? ጾሙ ህዳር 15 ገብቶ የሚፈታው ገና ነው። እስከ ጥምቀት ከቆዩ ከገና በኋላ ብትወስጃቸው የፈለጉትን ይበላሉ፣ የእነሱም በዓል ነው። ያቺን 25 ሁሉም ሰው ስለሚፈልጋት ነው የተወደደችው። ቀኑን ስትመርጪ ግን ተጠንቀቂ። የገና ዕለት ማታ አይሆንም፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረው ነው የሚውሉት፣ ቀኑን ደግሞ እንግዳ አለ፣ ደክሟቸው ይተኛሉ። ከዚያ ወዲያ ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። የጥምቀት ዋዜማ፣ ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 18፣ ገሃድ ነው፣ ይጾማል። ስለዚህ ከገና ቀጥሎ ያለው ቅዳሜ ወይም እሁድ ይሻላል፣ እሁድ ከቅዳሜ ይረክሳል። ብዙ ሰው ይሄን ሳያይ ቲኬት ይቆርጥና እናቱ ሥጋው ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ዳቦ ስትቆርስ ያመሻል፣ በጣም ነው የሚያሳዝነኝ።

የአሌክሳንድሪያ ሰው

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። የትኛው መርከብ የት እንደሚሄድ ታውቂያለሽ? ሁሉም ፖቶማክ ላይ ነው የሚሉት፣ የሚያሳዩት ግን ለየቅል ነው።

ዝቅ ያሉትና ዙሪያቸውን መስታወት የሆኑት ድልድዮቹ ሥር ማለፍ ስለሚችሉ ሄይንስ ፖይንትን ዞረው ወደ ላይ ወደ ጆርጅታውን ይወጣሉ። በዚያ መንገድ ጀፈርሰን ሜሞሪያልን፣ የዋሽንግተንን ሐውልት፣ ሊንከን ሜሞሪያልን ከጀርባው፣ ኬኔዲ ሴንተርን ታያላችሁ። ረጃጅሞቹ ባለ ብዙ ፎቆቹ ግን ድልድዩ አያሳልፋቸውም፣ ስለዚህ ወደ ታች ነው የሚወርዱት፣ ኤርፖርቱን አልፈው ወደ አሌክሳንድሪያና ናሽናል ሃርበር። እሱም ያምራል፣ የናሽናል ሃርበሩ ትልቁ መንኮራኩር በተለያየ ቀለም ሲበራ፣ አውሮፕላኖቹም ሲያርፉ ከላያችሁ ዝቅ ብለው ነው የሚያልፉት። ግን አባትሽ ታሪክ የሚወድ ከሆነ ወደ ላይ የሚወጣውን ነው የምመርጥለት።

ለአባትሽ አንድ ነገር ልጨምር። ከሊንከን ሜሞሪያል ወደ አርሊንግተን መካነ መቃብር የሚሻገረውን ድልድይ፣ ሜሞሪያል ብሪጅን አሳዪው። በኖቬምበር 1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ አስከሬን በዚያ ነው የተሻገረው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ለቀብሩ መጥተው ነበር። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የኬኔዲ እንግዳ ሆነው ዋሽንግተን ነበሩ፣ ሁለት ወር እንኳን ሳይሞላ ለቀብሩ ተመለሱ። ከፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ከደጎል ጋር በእግር አጅበው ሲሄዱ፣ አርሊንግተን ላይ ቆመው ሰላምታ ሲሰጡ የተነሱት ፎቶ አለ። በእኛ አቆጣጠር 1956 መሆኑ ነው። የአባትሽ ዕድሜ ሰዎች ይሄን በሬዲዮ የሰሙ ናቸው። ያ ድልድይ ሥር ሲያልፍ ብትነግሪው ከምግቡ ይልቅ እሱን ነው የሚያወራው።

ሌላ፣ በዚያ ሰሞን ፀሐይ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። እራት ላይ ውጭው ጨለማ፣ ውስጡ መብራት ነው፣ ስለዚህ መስታወቱ የራሳችሁን ጠረጴዛ ነው የሚያሳያችሁ። ሐውልቶቹን ማየት የሚቻለው ወደ ውጭ ስትወጡ ነው። ደጁ ላይ ቢያንስ አሥር ደቂቃ ሳይቆሙ እንዳይመለሱ። ብርዱ ውሃ ላይ ይብሳል፣ ለእማማ ጋቢዋን ያዢላት፣ ከየትኛውም ጃኬት ይሻላታል፣ ኮፍያና ጓንትም ጨምሪ።

ለንደን

እኔ ያለሁት ሌላ አገር ነው ግን ለሚያነቡ ለንደኖች ልናገር። ቴምዝ ላይም እንዲሁ የገና ምሳና እራት ክሩዝ አለ፣ ማታ ታወር ብሪጅ ሥር ማለፍ በጣም ደስ ይላል። ግን ዲሴምበር 25 ለንደን ውስጥ ባቡርም አውቶቡስም አይሠራም። መኪና ከሌላችሁ መሄጃና መመለሻውን ሳታስቡ ቲኬት እንዳትቆርጡ፣ ታክሲው ከእራቱ ሊበልጥ ይችላል። በሌላ ቀን ውሰዷቸው።

አርሊንግተን ነኝ

ዘጎንደር ያለው አሳምኖኛል። ከገና በኋላ ከሆነና ዋጋው ከወረደ እኔም ሐሳቤን ቀይሬያለሁ። ለ25 ግን አሁንም አይሆንም እላለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ይሄን ሁሉ ሳላውቅ ልቆርጥ ነበር። እማዬን በዘዴ ጠየቅኳት፣ "በጾም እንደዚያ ያለ ቦታ ምን አስኬደኝ" አለችኝ። ስለዚህ 25 ቀን ዋርፍን በእግር እናያለን፣ ክሩዙን ከገና በኋላ ባለው እሁድ ማታ አደርገዋለሁ፣ ወደ ጆርጅታውን በሚወጣው። ለአባዬ የድልድዩን ታሪክ አሁን አልነግረውም፣ እዚያው ስንደርስ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። በሜትሮ ልውሰዳቸው ወይስ በመኪና? ከዋተርፍሮንት ጣቢያ ለእማዬ ይርቃል?

የቀድሞ አስተናጋጅ

ጥሩ ወስነሻል። በጃንዋሪ ብዙውን ጊዜ ጉዞው ይቀንሳል፣ በየቀኑ ላይኖር ይችላል፣ ስለዚህ ያሰብሽው እሁድ መኖሩን ደውለሽ አረጋግጪ፣ ጌጡም ተነስቶ ሊሆን ስለሚችል አትጠብቂው። ወንዙ በረዶ ከሠራ ወይም ውሃው ከፍ ብሎ ድልድዮቹ ሥር ማለፍ ካልተቻለ መንገዱን ያሳጥሩታል፤ ሲሰርዙ ገንዘብ እንዴት እንደሚመለስ ያኔውኑ ጠይቂ።

ሜትሮው ለአንቺ ቅርብ ነው፣ ጉልበቷን ለሚያማት እናት ግን በብርድ ማታ መመለሱ ይከብዳል። ሲልቨር ስፕሪንግ ቀይ መስመር ላይ ስለሆነ ወደ አረንጓዴው መቀየርም አለባችሁ። በመኪና ውሰጃቸው። ሁለቱን መሳፈሪያው አጠገብ አውርጂያቸውና ውስጥ ሙቀት ያለበት ቦታ ይጠብቁሽ፣ ከዚያ ምድር ቤት ያለው ፓርኪንግ ሄደሽ አቁሚ። ውድ ነው፣ ግን ቀድመሽ በስልክሽ ቦታ ከያዝሽ ረከስ ይላል። ስትጨርሱም እነሱ ውስጥ ይቆዩ፣ አንቺ መኪናውን አምጪ፤ ሁሉም ሰው በአንዴ ስለሚወርድ ትንሽ ተቀምጠው ሰልፉ ሲቀል ቢወጡ ለእናትሽ መወጣጫውም ይቀላል።