የ1ኛ ዓመት ተማሪ የሙያ ዕቅድ እንዲያስገባ ይገደድ?

አወያይ፦ የዛሬው ክርክር ከአንድ ሐሳብ ተነሣ። «ኮሌጆች ተማሪውን ገና 1ኛ ዓመት ላይ የ5 ዓመት የሙያ ዕቅድ ማስጻፍ አለባቸው፤ ያላስገባ ለቀጣዩ ሴሚስተር አይመዝገብ» የሚሉ አሉ። ይጠቅማል ወይስ ሸክም ነው? እየተከባበርን እንነጋገር።

የ4ኛ ዓመት ተማሪ፦ እኔ እደግፋለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ የማስበው ስለሚቀጥለው ፈተና ብቻ ነበር። አሁን የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ ሆዴን ይበላኛል። የሚጠይቁት እኮ ሰማይ የሚነካ ነገር አይደለም። አንድ የሠራሁት ፕሮጀክት፣ አንድ በደንብ የማውቀው ሶፍትዌር፣ የሁለት ወር የተግባር ልምምድ። ሁሉንም ላደርገው እችል ነበር። ያኔ አንድ ሰው አስቀምጦ «ከዚህ ስትወጣ ምን ልትሠራ ነው?» ብሎ ቢያስጨንቀኝ ኖሮ ዛሬ አመሰግነው ነበር።

መምህር፦ ቁጭትህ ይገባኛል ልጄ። ግን የ18 ዓመት ልጅ አይቶት የማያውቀውን ሥራ እንዴት ያቅዳል? በቅርብ የሚያውቃቸው ሙያዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ፎርሙን ስጠው፣ የአባቱን ምኞት ገልብጦ ያመጣልሃል። ግዴታ ካደረግከው ደግሞ አንዱ ከሌላው ይኮርጀዋል። እኔ እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ሰብስቤ አውቃለሁ። ግማሹ አንድ ዓይነት ነበር።

የሙያ አማካሪ፦ መምህር፣ በዚህ ከእርስዎ ጋር ነኝ። ነገሩ ሲጀመርም እንዲህ አልነበረም። ፍራንክ ፓርሰንስ እ.ኤ.አ. በ1908 ቦስተን ውስጥ የሙያ ምክር ቢሮ ሲከፍት ሐሳቡ ሦስት ነገር ነበር። ራስህን እወቅ፣ ሥራውን እወቅ፣ ከዚያ ሁለቱን አገናዝብ። ዛሬ ተማሪው የሚዘለው ሁለተኛውን ነው። ኢንተርኔት ላይ ስለ ጠባዩ የሚጠይቅ መጠይቅ ይሞላል፤ ሥራውን የሚሠራ ሰው አጠገብ ግን አንድ ቀን አይውልም። ስለዚህ እኔ ዕቅድ አላስጽፍም። ሦስት ባለሙያዎችን ሄዶ እንዲያናግር ነው የማዘው። «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ። ከዚህ መልስ የሚማረውን ያህል ከየትኛውም ፎርም አይማርም።

ሥራ ከጀመረች 6 ዓመት የሆናት፦ እኔ ዕቅድ ነበረኝ፣ ያውም በሠንጠረዥ የተሠራ። አካውንቲንግ ተማርኩ፤ ኦዲተር ልሆን ነበር። በልምምድ ላይ እያለሁ የዳታ ክፍሉ ሰው አነሰውና ለሁለት ሳምንት አበደሩኝ። በዚያው ቀረሁ። ጆን ክረምቦልትዝ የሚባል የስታንፎርድ ምሁር ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1999 ስለዚሁ ጽፏል። ያልታሰበ አጋጣሚ በሰው ሙያ ውስጥ መግባቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ተማሪው አጋጣሚን መፍጠርና መጠቀም ይልመድ ይላሉ። ጉጉት፣ ጽናት፣ እንደ ሁኔታው መለወጥ፣ ተስፋ፣ መድፈር። በ5 ዓመት ዕቅድ ላይ ሙጭጭ ብዬ ቢሆን ኖሮ «ይሄ በዕቅዴ የለም» ብዬ እምቢ እል ነበር።

የ4ኛ ዓመት ተማሪ፦ እህቴ፣ አንቺ እኮ ልምምድ ላይ ስለነበርሽ ነው አጋጣሚው ያገኘሽ። ዶርም ተኝተሽ ቢሆን ኖሮ?

ማታ ማታ እየሠራች የምትማር፦ ሁላችሁም ልምምድ ልምምድ ትላላችሁ። አብዛኛው ልምምድ እኮ ክፍያ የለውም፣ ካለውም ትንሽ ነው። ሁለት ወር በነፃ መሥራት የሚችለው ቤተሰብ የሚደጉመው ነው። እኔ ክረምቱን ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ካልሠራሁ የሚቀጥለውን ሴሚስተር አልመዘገብም። ልምምዱን ግዴታ ብታደርጉት እኔን ነው ከበሩ የምትመልሱት። ይሄ ክርክር ሲነሣ ሁሌ የሚረሳው እንደኔ ያለው ተማሪ ነው።

የሙያ አማካሪ፦ ልክ ነሽ፣ እኔም ማንሳት ነበረብኝ። አንድ ነገር ልጨምር። ማርክ ግራኖቬተር የተባለ ሶሺዮሎጂስት እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣው ጽሑፍ፣ በሰው በኩል ሥራ ካገኙት ብዙዎቹ ወሬውን የሰሙት ከቅርብ ጓደኛ ሳይሆን አልፎ አልፎ ከሚያገኙት ሰው መሆኑን አሳየ። የቅርብ ጓደኛሽ የሚያውቀውን አንቺም ታውቂያለሽ፤ የሩቁ ግን ሌላ ዓለም ውስጥ ነው ያለው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሊንክድኢን በሚባለው የሥራ ግንኙነት ድረ ገጽ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተጠቃሚዎች ላይ የተሠራ ጥናትም ወደዚያው ያዘነብላል። አንቺ በሥራሽ በየቀኑ ከግቢ ውጭ ያለ ሰው ታገኛለሽ። ይሄ ለብዙ ጓደኞችሽ የሌለ ሀብት ነው። ኮሌጁም የምትሠሪውን ሥራ እንደ ልምምድ ቆጥሮ ክሬዲት ሊሰጥሽ ይገባል።

ቀጣሪ፦ እኔም እስማማለሁ። ሲቪ ላይ ገንዘብ ተቀባይ ሆኖ መሥራትን የሚደብቁ ተማሪዎች ያሳዝኑኛል። በየምሽቱ ሒሳብ ዘግቶ ያስረከበ ልጅ ኃላፊነት ያውቃል። እኔ ኢንተርቪው ላይ አንድ የሠራኸውን ነገር ንገረኝ እላለሁ። የት እንደተበላሸ፣ እንዴት እንዳስተካከልከው። ዕቅዱን ጠይቄ አላውቅም።

መምህር፦ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። በካናዳ ተመራቂዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ጥናት አለ። ኢኮኖሚው በወደቀበት ዓመት የተመረቁት መጀመሪያ ላይ ገቢያቸው በ9 በመቶ ገደማ ዝቅ ይላል፤ ጉዳቱ እስኪጠፋ 10 ዓመት ይፈጃል። እነዚህ ልጆች ምን አጠፉ? የተወለዱበትን ዓመት አልመረጡም። ዕቅድ አስፈርመን ስናበቃ ገበያው ሲዘጋባቸው «ጥፋቱ የኔ ነው» ብለው ቤት ይቀመጣሉ። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ።

የ4ኛ ዓመት ተማሪ፦ እሺ መምህር፣ ፎርሙን ትቼዋለሁ። ግዴታውን ግን አልተውም። 1ኛ ዓመት ላይ ሦስቱ ውይይቶች። 3ኛ ዓመት ሳያልቅ ክፍያ ያለው ልምምድ፣ ወይም የሚሠራው ሥራ ይቆጠርለት። ቦታ የመፈለጉ ኃላፊነት የኮሌጁ ይሁን።

ማታ ማታ እየሠራች የምትማር፦ ኮሌጁ ቦታ ካላገኘልኝስ? ምረቃዬ ይዘገያል?

የ4ኛ ዓመት ተማሪ፦ አይ፣ እሱ እንኳ መሆን የለበትም።

ማታ ማታ እየሠራች የምትማር፦ እንግዲያው ይሄ ተጽፎ ሳላይ «ግዴታ» ለሚለው ድምፄን አልሰጥም። ሦስቱን ሰዎች ግን ከዚህ ሳምንት ጀምሬ አናግራለሁ። አንዷ በየቀኑ ከኔ ዘንድ ሒሳብ የምትከፍል ፋርማሲስት ናት።