የአቃቂ ደለል ይጠረግ ወይስ ባለበት ይቆይ?

መነሻ፦ ትንሹና ትልቁ አቃቂ የአዲስ አበባን ፍሳሽ ይዘው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያ ወደ አዋሽ። ዳርቻው ሲለማ ወንዙ ሥር የተኛው ጥቁር ደለል ተጠርጎ ይውጣ የሚሉ አሉ፣ አይነካ የሚሉም አሉ። እናንተስ?

የውሃ መሐንዲስ፦ ይጠረግ። ክረምት ሲገባ ጎርፉ ደለሉን አንስቶ ቆስጣና ሰላጣ የሚበቅልበት ማሳ ላይ ያስተኛዋል። «ባለበት ይቆይ» የምትሉት ደለል ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለበት አይቆይም።

ኬሚስት፦ ጎርፉን አልክድም። ግን ደለሉ ለምን ጠቆረ? ኦክስጅን ስለሌለው ነው። እዚያ ውስጥ ካድሚየም፣ እርሳስና ዚንክ ከሰልፋይድ (የድኝ ውህድ) ጋር ታስረው ተቀምጠዋል። ስካቫተር አውጥቶ ዳር ላይ ሲከምረው አየር ያገኘዋል፤ ሰልፋይዱ ወደ ሰልፌት ይቀየራል፣ አሲድ ይፈጠራል፣ የታሰረው ይፈታል። ቀጥሎ የሚመጣው ዝናብ የተፈቱትን ካድሚየም፣ እርሳስና ዚንክ አሟሙቶ ወደ ወንዙ ይመልሳቸዋል። ከክምሩ ሥር ውሃ የማያሳልፍ ንጣፍ ከሌለ፣ የሚንጠባጠበውም ተሰብስቦ ካልታከመ ብክለቱን ቦታ አስቀየርነው እንጂ አላስወገድነውም።

የውሃ መሐንዲስ፦ የቆዳ ፋብሪካዎቹ ክሮሚየምስ? እሱ በሰልፋይድ አይታሰርም።

ኬሚስት፦ ልክ ነሽ፣ ክሮሚየም ሦስት (ብዙም የማይሟሟው ዓይነት) በሃይድሮክሳይድ መልክ ነው የሚዘቅጠው። እንደዚያም ሆኖ ደለሉ ደርቆ ከማንጋኒዝ ኦክሳይድ ጋር ከተነካካ ከፊሉ ወደ መርዛማው ክሮሚየም ስድስት ሊቀየር ይችላል። ይህም አታድርቁት ያሰኛል።

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ከመጣላታችሁ በፊት ቁጥሩን እንይ። ብዙ የሚጠቀሰው መለኪያ ክሮሚየም በኪሎግራም ከ111 ሚሊግራም፣ እርሳስ ከ128፣ ካድሚየም ከ4.98 ሲያልፍ ደለል ውስጥ በሚኖሩ ፍጥረታት ላይ ጉዳት ይጠበቃል ይላል። ችግሩ የእኛ አገር ባዛልት (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ራሱ ክሮሚየምና ኒኬል አለው። የዓለም አማካይ ሼልን (ከጭቃ የተጋገረ ድንጋይ) መነሻ አድርጎ «ተበክሏል» ማለት ያሳስታል፤ መነሻው ከከተማው በላይ፣ ከእንጦጦ ሥር ካለው ንጹሕ ገባር ይወሰድ። የሃካንሰን የሥጋት ስሌት፣ የእያንዳንዱን ብክለት በመርዛማነቱ አባዝቶ የሚደምረው፣ ደግሞ ካድሚየምን በ30፣ ክሮሚየምን በ2 ያባዛል። መሣሪያው በጭንቅ የሚለየው ካድሚየም ድምሩን ሲያንረው፣ የቆዳ ፋብሪካው ክሮሚየም ተሸፍኖ ያልፋል። በዚህ ድምር ብቻ ማሽን ማሰማራት ስህተት ነው።

አግሮኖሚስት፦ ናሙና አወሳሰዱስ?

የላብራቶሪ ባለሙያ፦ ላይኛው 5 ሴንቲ ሜትር በፕላስቲክ ማንኪያ፣ በ63 ማይክሮን የናይለን ወንፊት። የነሐስ ወንፊት መዳብና ዚንክ ይጨምርበታል። ሜርኩሪ ለሚለካበት 105 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ እንዳይገባ፣ ይተናል። በቀላሉ የሚፈታውን ድርሻ ለማወቅ 1 ግራም ናሙና በ40 ሚሊ ሊትር፣ 0.11 ሞላር አሴቲክ አሲድ 16 ሰዓት ይናወጣል። ጥቁሩ ደለል ግን አየር ላይ ከደረቀ ውጤቱ ዋጋ የለውም፤ ሰልፋይዱ አስቀድሞ ፈርሷል። እርጥቡን፣ ናይትሮጅን ተሞልቶበት ታሽጎ ይምጣ።

አግሮኖሚስት፦ እናንተ እስክትስማሙ ገበሬው ይተክላል። ቅጠላ ቅጠል ካድሚየም ይስባል፤ ማጠብ አቧራውን እንጂ ቅጠሉ ውስጥ የገባውን አያወጣም። የኮዴክስ (የዓለም አቀፍ የምግብ ደረጃ) ጣሪያ ለቅጠላ ቅጠል ካድሚየም በኪሎግራም 0.2፣ እርሳስ 0.3 ሚሊግራም ነው። አፈሩ አሲዳማ ከሆነ በኖራ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ወደ 6.5 ማድረስ ካድሚየሙን ይቀንሰዋል። ጎርፍ የሚተኛበት ማሳ ላይ ደግሞ ቆስጣ ቀርቶ ዛፍ ይተከል።

የውሃ መሐንዲስ፦ እሺ፣ ሙሉውን ወንዝ ጥረጉ አልልም። ከቆዳ ፋብሪካ መውጫዎች ሥር ያለው ግን ይነሳ፣ በበጋ፣ ውሃው ሲያንስ፣ በንጣፍ ላይ።

ኬሚስት፦ በዚያ እስማማለሁ፣ መውጫው ላይ ክሮሚየሙ መለየቱ ከቀደመ። ቱቦው ክፍት ሆኖ ከሥሩ ብንጠርግ ቦታው መልሶ ይሞላል፤ ያኔ የምንከፍለው ሁለቴ ነው።