እሁድ ጠዋት ውድድር አለብኝ፣ ማርሹ በራሱ ጊዜ ይዘላል። ድረሱልኝ!

ጀማሪ_ነኝ
ሰላም ቤተሰብ። በጣም አስቸኳይ ነው። እሁድ ጠዋት የመጀመሪያዬ ትራያትሎን ነው። አጭሩ፦ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ሳይክል፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። አሁን አርብ ማታ ነው። ሳይክሉን ለመጨረሻ ጊዜ ልሞክረው ብዬ ስወጣ ማርሹ ሳልነካው ይዘላል። መሃል ላይ ሳደርገው ቀጭ ቀጭ ይላል። ወደ ቀላሉ ሳወርደው ደግሞ ኋላ ጎማው ጋ የሆነ ነገር እየነካ ቲክ ቲክ ቲክ። ባለፈው ሳምንት ምንም አልነበረውም! ካቮውን፣ ማለትም ማርሹን የሚጎትተውን ገመድ፣ እንዴት እንደማጠብቀው ብቻ ንገሩኝ። ካቻቪቴ አለኝ። ሳይክል ሠሪ ጋ መሄድ አልችልም፣ ነገ ሥራ ነኝ።

ዘይት_ቀባ
ካቴናው ደርቆ ነው። ዘይት ቀባው። አለቀ።

ሳቂታው
ቲክ ቲክ የሚለው ልብህ እንዳይሆን ብቻ። ከውድድር በፊት ያጋጥማል።

አሮጌው_ፔዳል
ልጄ፣ አትቆጣኝ እንጂ ሳይክል በዋዜማው አይሞከርም። ጎማው፣ ፍሬኑ፣ ካቴናው፣ ሁሉም ከሳምንት በፊት ማለቅ አለበት። የመጨረሻዎቹ ቀናት የእረፍት ናቸው። ሰውነት ለማፍታታት ያህል ትንሽ ይነዳል፣ ትንሽ ይሮጣል፣ ከዚያ ይተኛል። የዛሬ ልጆች መጀመሪያ ትመዘገባላችሁ፣ ኋላ ታስባላችሁ። ይህ ስፖርት ታሪክ ያለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 ሳንዲዬጎ፣ ሚሽን ቤይ ላይ 46 ሰዎች ሆነው ጀመሩት። በ1978 ሃዋይ ላይ 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ሳይክልና ሙሉ ማራቶን በአንድ ቀን አድርገው አይረንማን አሉት። በ2000 ሲድኒ ላይ ኦሎምፒክ ገባ። እነዚያ ሰዎች...

ሳቂታው
ጋሽ ፔዳል፣ እግዜር ይስጥልን። ግን ሃዋይ እስክንደርስ የልጁ ጎማ ያልቃል።

ከኋላ_እያየሁ
ካቮውን እንዳትነካው። እስኪ መጀመሪያ እነዚህን መልስልኝ። ሳይክሉ በቅርቡ ወድቆ ነበር? በየትኛው ጎን? የኋላ ጎማውን አውጥተህ መልሰህ ገጥመህ ነበር? ማርሹ የሚዘለው ሁሉም ጥርስ (ኋላ ጎማው ላይ ያሉት ጥርሳም ክብ ብረቶች) ላይ ነው ወይስ አንዳንዱ ላይ?

እስከዚያው ወደ ቀላሉ ማርሽ፣ ማለትም ኋላ ወዳለው ትልቁ ጥርስ፣ በፍጹም አታውርደው። ቲክ ቲክ የሚለው ኋላ ያለው የማርሽ መቀየሪያ የጎማውን ሽቦዎች እየነካ ሊሆን ይችላል። እየነዳህ ሳለ ሽቦዎቹ መሃል ከገባ መቀየሪያውም ጎማውም አብረው ይሰበራሉ፤ አንተም ትወድቃለህ።

ዳገት_አልወድም
እኔ ግን ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። 20 ኪሎ ሜትር ለመንዳት ማርሽ ምን ያደርጋል? አንዱ ላይ አድርገው፣ ንዳ። የመጀመሪያ ውድድር ለመጨረስ ነው እንጂ ለማሸነፍ አይደለም። ባለ አንድ ማርሽ ሳይክል የሚወዳደር ሰው አይቻለሁ።

ጀማሪ_ነኝ
እሺ፣ ላብራራ። ማክሰኞ መኪና ላይ ስንጭነው ወድቋል፣ ግን ቆሞ ከነበረበት ነው የተጋደመው፣ ጭረት እንኳን የለውም። ስለዚህ እሱ አይመስለኝም። በቀኝ በኩል ነው መሰለኝ። ጎማውንም አውጥተነው ነበር፣ መኪናው ውስጥ አልገባ ብሎ። የሚዘለው መሃል ላይ ያሉት ጥርሶች ላይ ነው፤ ትንንሾቹ ላይ ደህና ነው። መንገዱ ላይ አንድ ዳገት አለ፣ ሁለት ጊዜ ነው የሚወጣው፣ ስለዚህ ያለ ማርሽ አልችልም። ደግሞ እንደ ወንድ የምታናግሩኝ፣ ሴት ነኝ።

ሳቂታው
«ወድቋል ግን እሱ አይመስለኝም»። ሐኪም ቤትም እንደዚህ ነው የምንለው።

ከኋላ_እያየሁ
እህቴ፣ እሱ ነው። በቀኝ ጎኑ መውደቅ በቂ ነው፣ ጭረት አያስፈልገውም። የማርሽ መቀየሪያው ከሳይክሉ አካል ጋር የሚያያዘው በትንሽ ብረት ነው። ማንጠልጠያ እንበለው። ሆን ተብሎ ከለስላሳ አሉሚኒየም ነው የሚሠራው፤ ሳይክሉ ሲወድቅ እሱ ይጣመምና ዋናው አካል ይተርፋል። ትንሽ ወደ ውስጥ ከታጠፈ ካቴናው ከጥርሶቹ ጋር መስመር ይስታል። ካቮ ብታጠብቂ አንዱ ጥርስ ላይ ይስተካከልልሽና ሌላው ላይ ይበላሻል። ሌሊቱን ሙሉ ስታዞሪ ታድሪያለሽ።

አሁን እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ ሳይክሉን መሬት ላይ አቁሚና የኋላ ጎማውን መያዣ ፈተሽ መልሰሽ እሰሪው። ጎማው እስከ መጨረሻው ሳይገባ ከታሰረም ይህንኑ ያመጣል፤ በእሱ ብቻ ከሆነ በደቂቃ ተገላገልሽ። ካልተለወጠ ካቴናውን መሃል ጥርስ ላይ አድርገሽ ከኋላ ቁጭ በይ። ዓይንሽን ከጥርሶቹ ጋር እኩል አድርጊው። ከመቀየሪያው ላይ ወደ ታች የተንጠለጠለ፣ ሁለት ትንንሽ ጎማ መሳይ ጥርሶች የያዘ ክንድ አለ። እሱ ካቴናው ካለበት ጥርስ ጋር በአንድ መስመር ቀጥ ብሎ መውረድ አለበት። የታችኛው ጫፍ ወደ ሽቦዎቹ ካዘነበለ ማንጠልጠያው ተጣሟል። ፎቶ ላኪልን።

ዘይት_ቀባ
መጀመሪያ ግን ዘይት ትቀባው። እኔ ብዙ ጊዜ በዘይት ተስተካክሎልኛል።

ከኋላ_እያየሁ
ዘይት የተጣመመ ብረት አያቃናም ወዳጄ።

ቀዛፊዋ
ሁላችሁም ሳይክል ሳይክል ትላላችሁ። ጀማሪን የሚያስደነግጠው ውሃው ነው እንጂ ማርሹ አይደለም። እህቴ፣ ክፍት ውሃ ላይ ዋኝተሽ ታውቂያለሽ?

ጀማሪ_ነኝ
ገንዳ ውስጥ 750ውን ሳላቆም እዋኛለሁ። ክፍት ውሃ ገና ነኝ። ግን አሁን እባካችሁ ሳይክሉን።

ቀዛፊዋ
አውቄያለሁ! እሺ ሳይክሉ ይሠራ፣ ይህንን ግን ለእሁድ ያዢው። ከመነሻው በፊት ውሃው ውስጥ ግቢ። ፊትሽን ንከሪና ትንፋሽሽን ውሃው ውስጥ ቀስ ብለሽ አውጪ። ውሃው ቀዝቃዛ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ትንፋሽ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፣ ያልፋል። ውድድሩ ሲጀመር መሃል አትግቢ፤ ጥግ ላይ ወይም ኋላ ሁኚና ሰዉ ይሂድ። ገንዳ ውስጥ ከሥር የምትከተይው መስመር አለ፣ እዚያ የለም። ስለዚህ በየስድስትና በየስምንት ቀዘፋው ዓይንሽን ብቻ ከውሃ ብቅ አድርገሽ ተንሳፋፊ ምልክቱን ፈልጊ። ጭንቅላትሽን ሙሉ ለሙሉ ካነሳሽ እግርሽ ይሰምጣል። ከደነገጥሽ በጀርባሽ ተኚ። በደረት ቀዘፋ መዋኘትም ይፈቀዳል፣ ማንም አይከለክልሽም። የነፍስ አድን ጀልባዋንም መያዝ ትችያለሽ፣ ወደፊት እስካልጎተተችሽ ድረስ አያስቀጣም።

አሮጌው_ፔዳል
ይህች ልጅ ትክክል ናት። እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ከሳይክል ወርዶ መሮጥንም ቀድሞ መለማመድ ያስፈልጋል። ሳይለማመዱት ከሆነ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ላይ እግር የሰው እግር ይመስላል።

ጀማሪ_ነኝ
አየሁት! ጎማውን ፈትቼ አሰርኩት፣ ያው ነው። ከኋላ ሳየው ክንዱ ታች ላይ ወደ ሽቦዎቹ ያዘነብላል። ብዙ አይደለም፣ ግን በግልጽ ይታያል። ፎቶው እንቢ አለኝ። አሁን በእጄ ልጎትተው?

ብሎን_በሉኝ
ጎትቺው። አሉሚኒየም ነው፣ ይታጠፋል። እኔ በእጄ አቃንቼ ዓመት ነድቼበታለሁ።

ከኋላ_እያየሁ
ኧረ ተይ! ክንዱን ይዘሽ ከጎተትሽ መቀየሪያውን ራሱን ነው የምታጣምሚው፤ ያኔ ችግሩ ሁለት ይሆናል። አሉሚኒየም ደግሞ ወዲህ ወዲያ ሲሉት ይሰበራል። በአንድ አቅጣጫ፣ በትንሽ በትንሹ ነው የሚቃናው።

ሌላ ሳይክል ቤት ውስጥ ካለ አንድ ዘዴ አለ። የማርሽ መቀየሪያው የታሰረበት ቀዳዳና የብዙ ሳይክሎች የኋላ ጎማ መሃል ዘንግ የብሎን ጥርሳቸው አንድ ነው፣ 10 ሚሊ ሜትር። መቀየሪያውን ፈተሽ የሌላውን ሳይክል የኋላ ጎማ እዚያ ቀዳዳ ላይ ታዞሪዋለሽ። አሁን ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ቆመ ማለት ነው። በመካከላቸው ያለው ክፍተት ላይም ታችም፣ ፊትም ኋላም እኩል እስኪሆን ድረስ የገጠምሽውን ጎማ ቀስ ብለሽ ትገፊዋለሽ። ጎማው ረጅም ስለሆነ ትንሽ ኃይል ይበቃል።

ሌላ ሳይክል ከሌለ፣ መቀየሪያውን ከማንጠልጠያው ጋር ያሰረው ብሎን ውስጥ ስድስት ጎን ያለውን ቁልፍ ክተቺ፣ ብዙ ጊዜ 5 ሚሊ ሜትር ነው። ቁልፉን አታዙሪው፤ እንደ እጀታ ይዘሽ የታችኛው ጫፍ ወደ ውጭ እንዲመጣ በጣም ትንሽ ወደ ላይ ጫን በይ። ከኋላ እዪ። አሁንም ትንሽ። እዪ። ሳይክልሽ ካርቦን ከሆነ ግን ይህንን አትሞክሪ፤ ማንጠልጠያውን ፈተሽ ለብቻው አስቃኚው ወይም አስቀይሪው። ለመቀየር ከሆነ የሳይክሉን ሞዴል ይዘሽ ሂጂ፣ እያንዳንዱ የራሱ ቅርጽ አለው፣ የሌላው አይገጥምም።

ብሎን_በሉኝ
ይህን ሁሉ ለአንዲት ብረት! እኔ አሁንም በእጅ ነው የምለው።

ዳገት_አልወድም
የእኔን ሐሳብ ማንም አልሰማም። የማይዘሉት ጥርሶች ላይ ትንዳ። ዳገቱ ላይ ወርዳ ትግፋው። ሳይክል እየገፉ መሄድ ይፈቀዳል።

ከኋላ_እያየሁ
እውነት ነው፣ ይፈቀዳል። ካልተቃና እኔም ወደዚያ ነው የምሄደው፣ ግን ሽቦው ውስጥ እንዳይገባ መቆለፍ አለበት። እህቴ፣ መቀየሪያው ላይ ሁለት ትንንሽ ብሎኖች ጎን ለጎን አሉ። አንዷ «ኤል» የሚል የፈረንጅ ፊደል አላት። ካቴናውን ከትልቁ ጥርስ ቀጥሎ ያለው ላይ አድርጊ። «ኤል»ን በካቻቪቴሽ በሰዓት አቅጣጫ ቀስ እያልሽ አዙሪ፣ ከበድ እስኪል። ከዚያ ሳይክሉን ከኋላ ከፍ አድርገሽ ፔዳሉን በእጅሽ እያዞርሽ ወደ ትልቁ ለማውረድ ሞክሪ። እንቢ ካለ ጥሩ ነው። ትልቁን ጥርስ አጣሽ፣ ሽቦዎቹ ግን ተረፉ። ዳገቱ ላይ ደክሞሽ፣ ረስተሽ ብትጫኚው እንኳ አይሄድም።

ፊሽካ
አንድ ነገር ልጨምር፣ ውድድር ላይ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ስለምሠራ ነው። ብዙ ውድድሮች ሳይክል በሚረከቡበት ሰዓት ቦታው ላይ መካኒክ ያቆማሉ። የውድድሩን መመሪያ ክፈቺና እዪ። ካለ ቀድመሽ ድረሺ፣ የማቃኛ መሣሪያው ይኖረዋል፣ ሥራው የደቂቃዎች ነው። ስትገቢ ደግሞ ሳይክሉን እናያለን፤ ሁለቱም ፍሬኖች መያዝ አለባቸው፣ የመሪው ጫፎች ቀዳዳም መደፈን አለበት። ክፍት ከሆነ አናስገባም፣ ስትወድቂ እንደ ቧንቧ ሥጋ ይቆርጣል።

ሳቂታው
ማርሽ ፈርታ መጣች፣ አሁን ቧንቧም ትፈራለች።

ጀማሪ_ነኝ
«ኤል»ን አዙሬያለሁ፣ ትልቁ ላይ አይወርድም፣ ቲክ ቲኩ ጠፍቷል! መሃሉ ግን አሁንም ይዘላል። ስድስት ጎኑን ቁልፍ ከጎረቤት ልለምን ነው። መመሪያው ላይ መካኒክ አለ ይላል፣ ግን ሰዓቱን አልጻፈም። ቆይ መጣሁ።

ዘይት_ቀባ
ለማንኛውም ዘይትም ትቀባው፣ አይጎዳም።

ከኋላ_እያየሁ
እሺ፣ ትቀባው። ግን ፍሬኑ የሚይዝበት ቦታ ላይ እንዳይንጠባጠብ፣ ትርፉንም በጨርቅ ትጥረገው።

አዲስ_ዋናተኛ
ይቅርታ በሰው ጥያቄ ገባሁ። እኔም ያው የመጀመሪያዬ ነው። የወረቀቱን ቁጥር ዋናው ላይም ለብሼ ነው የምገባው? የትም ተጽፎ አላገኘሁትም።

ቀዛፊዋ
እኔ ከዌትሱቱ፣ ከዋናው የላስቲክ ልብስ፣ ሥር ነው የማደርገው።

ፊሽካ
ከሥር አድርገው የሚገቡ አሉ፣ ግን ወረቀት ነው፣ ይቀደዳል። ውሃ ውስጥ የሚለይህ ኮፍያህና ሰውነትህ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ወረቀቱን በላስቲክ ቀበቶ አስረህ ሳይክሉ አጠገብ አስቀምጠው። ሳይክል ላይ ወደ ጀርባ፣ ሩጫ ላይ ወደ ፊት ታዞረዋለህ። ከውሃ ስትወጣ መጀመሪያ ሄልሜትህን አድርግና ቆልፈው፣ ከዚያ ነው ሳይክሉን ከማቆሚያው የምታነሳው። ስትመለስም ሳይክሉን ሰቅለህ ነው የምትፈታው። ተገላቢጦሽ ካደረግከው ፊሽካ ነፍቼ አስቆምሃለሁ።